ያለ ሐተታ ዘምክንያት ኮድ መለወጥን ለመከልከል የወጣ አዋጅ ቁጥር 0.1

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ላፕቶፕ ከፍታችሁ የምታመሹ ሁሉ፣ ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁም ከዩቲዩብ የተማራችሁም፤

ሀገራችን ነጋሪት ጋዜጣን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ስታሳትም፣ «በማስፈለጉ» እና «በመሆኑ» እያለች ምክንያቷን አስቀድማ መናገር የለመደች በመሆኗ፤

ረቂቅ ሕግ እንኳ ምክር ቤት ሲገባ ሐተታ ዘምክንያቱን ይዞ ሲገባ፣ የስንቱን ሰው ደመወዝ የሚነካ የኮድ ለውጥ ግን «ማስተካከያ» በምትል አንዲት ቃል ሲታለፍ ማየት ስለሰለቸን፤

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የኮድ ለውጥ የሚመዘግበውን ጊትን ሲሠራ ለኮሚት መልእክት ቦታ የተወው «ፊክስ»፣ «ፊክስ 2» እና «አሁን ይሠራል» ተብሎ እንዲሞላ ባለመሆኑ፤

እኛ፣ ሌላው ጽፎት የሄደውን ኮድ የወረስን፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ

«ምክንያት» ማለት ኮዱ የሚሠራውን መተረክ አይደለም፤ እሱን ኮዱ ራሱ ይናገራል። ለምን እንዲህ ተደረገ፣ ሌላ ምን ታስቦ ነበር፣ ያኛው ለምን ተተወ የሚለው ነው። «ዳታ» ሲባል ከጥሬ ሥጋ ጋር የሚቀርበውን አይጨምርም፤ እሱ ያለ ምክንያት ይፈቀዳል።

አንቀጽ 2። ስለ ጳጉሜን

በአንድ የደመወዝ ፕሮግራም ውስጥ «ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ» የሚል መስመር አለ እንበል። ከጎኑ አንድም ማብራሪያ የለም። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ያየዋል፤ በተማረበት መጽሐፍ ረጅሙ ዓመት ለ4 ሲካፈል ምንም የማይተርፈው ነውና 3ቱን 0 አድርጎ «ትንሽ ስህተት ታረመ» ብሎ ይጽፋል። ያ 3 ግን ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ 2015 ጳጉሜን 6 የነበራት፣ ቀጥሎም 2019 የሚኖራት በዚያ ነው። ስህተቱ ወዲያው አይታይም፤ ሲታይ ደግሞ 3ቱን የጻፈው ሰውዬ የለም። ጊት ማን እንደነካው በስምና በሰዓት ይናገራል፤ ለምን ብትሉት ግን ያልተጻፈለትን ከየት ያምጣ? ከመስመሩ በላይ «ዘመነ ሉቃስ ነው፣ አትንኩት» የሚል ቃል አለመጻፍ ከእንግዲህ ያስጠይቃል።

አንቀጽ 3። ስለ ፈረሰው ክልል

በኮድ ውስጥ ካለ የክልሎች ዝርዝር የቀድሞውን ደቡብ ክልል «በ2015 አብቅቷል» ብሎ መሰረዝ ክልክል ነው። ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ መሆኗን እናውቃለን፤ ደስም ብሎናል። ነገር ግን በአሮጌው ስም የተመዘገበ ሰው ዛሬም ፋይሉን ይፈልጋል። ዝርዝሩን ያቆየ ባለሙያ ስለ ሁለት ነገር ይመሰገናል፤ ስለ ማቆየቱና ለምን እንዳቆየው ስለ መጻፉ። እስካሁን ሁለተኛውን ያደረገ አላገኘንም።

አንቀጽ 4

ተሰርዟል።

(የሰረዘው ባልደረባ ሥራ ቀይሮ ሐዋሳ ገብቷል። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።)

አንቀጽ 5። ስለ ትልልቅ ውሳኔ

ዳታቤዝ መቀየርን የመሰለ ውሳኔ በቡና ላይ ተወስኖ ከስኒው ጋር አይታጠብም። ማይክል ናይጋርድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳየው፣ ሁኔታው፣ ውሳኔውና የሚያስከትለው ነገር በአጭሩ ተጽፎ ከኮዱ ጋር ይቀመጣል። ውሳኔው ሲሻር ወረቀቱ አይቀደድም፤ «ተሽሯል» ተብሎበት ይቆያል። የሚያሳፍር ምክንያትም ምክንያት ነው፦ «መብራት ሊጠፋ ሲል በችኮላ የተሠራ»፣ «ኃላፊው በስልክ ስላዘዙ» የሚሉት ይፈቀዳሉ፤ ቀን ይጻፍባቸው።

አንቀጽ 6። ቅጣት

«ፊክስ» ብሎ የተገኘ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈውን የራሱን ኮድ በሰው ፊት ያብራራል። ካቃተው ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በሬ መዋጮ ሁለት እጥፍ ይከፍላል። ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 7። የተሻሩ

«ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲሱ»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚሉ የፋይል ስሞች ተሽረዋል።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ጊፋታ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት የጸና ይሆናል። ከበዓሉ በፊት ለምን አልሆነም ለሚል፣ ሐተታ ዘምክንያቱ፦ ሥጋው እስኪያልቅ ኮድ የሚነካ ስለሌለ።