23 ኪሎ፦ ስለ ሻንጣና አገር ስለ መልመድ የተደረገ ጥናት

ሐበሻ ከ4 ኪሎ፣ ከ5 ኪሎና ከ6 ኪሎ ቀጥሎ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ኪሎ 23 ኪሎ ነው። ሦስቱ አዲስ አበባ የሚገኙ ሰፈሮች ናቸው። አራተኛው ከቦሌ ተነሥቶ ዋሽንግተን ዳለስ የሚያርፍ ሻንጣ ክብደት ነው። ለአንድ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ ለእያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀዳል፤ በአሜሪካኖች ሚዛን 50 ፓውንድ መሆኑ ነው።

ሰው የባዕድ ከተማ ለመደ የሚባለው መቼ እንደሆነ ምሁራን በቋንቋው፣ በሥራውና በዜግነት ወረቀቱ ሲለኩ ኖረዋል። ይህ ጥናት በሻንጣው ይለካል። ናሙናው የተወሰደው በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያና ከፎልስ ቸርች ሲሆን፣ ዘመዶቼን፣ የዘመዶቼን ጎረቤቶችና አንድ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ወዳጄን ያካትታል። ማን በናሙናው እንደሚካተት የተወሰነው በዕለቱ ቡና ያፈላው ማን እንደሆነ በማጣራት ነው።

አዲስ ገቢ ሻንጣውን አይፈታም። ሸሚዙን ከሻንጣው አውጥቶ ይለብሳል፣ አጥቦ ወደ ሻንጣው ይመልሳል። ቁም ሣጥን ግዛ ሲሉት “ለሁለት ዓመት ምን ያደርግልኛል?” ይላል። የዲቪ ሎተሪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ ተፈቅዶ በ1995 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ይህች ሁለት ዓመት አልቃ አታውቅም። ካገኘኋቸው ሁሉ ረጅሟ ሁለት ዓመት ሃያ ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ሁለተኛው እርከን አንድ ሰው አገር ቤት ሊሄድ መሆኑ ሲሰማ ይጀምራል። ወሬው እንዴት እንደሚወጣ ሊደረስበት አልተቻለም፤ ተጓዡ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ስልኩ ይጮኻል። ደዋዩ የአገር ቤቱን ሁሉ ጤና ከጠየቀ በኋላ “ትንሽዬ ነገር ነበረችኝ” ይላል። በዚህ ጥናት ከተመዘኑት ትንሽዬ ነገሮች ከ3 ኪሎ በታች የሆነች የለችም። ጫማ፣ ቫይታሚን፣ ሽቶ፣ ያገለገለ ስልክ ትሆናለች፤ አንድ ጊዜ የመኪና መለዋወጫ ነበረች። ተጓዡ ሻንጣውን አቅፎ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ብቻውን ወጥቶ ልዩነቱን ያሰላል። አንዳንዱ አሜሪካ ከመጣ ወዲህ ምን ያህል እንደወፈረ ሳይጠይቅ የሚረዳው በዚህ ስሌት ነው።

በመልስ ጉዞው ጭነቱ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ኮረሪማና ዳቦ ቆሎ ይሆናል። ሌሎች ጥናቶች በሊቃውንት ይገመገማሉ፤ የዚህ ገምጋሚ ዳለስ የጉምሩክ አዳራሽ ውስጥ የሚዘዋወር ጆሮ ረጅም ቢግል ውሻ ነው። በርበሬውን ያልፈዋል፤ ሥሩ የተሸጎጠች ቋንጣ ካለች ግን አጠገቧ ቁጭ ይላል። ሥልጠናው ነው፤ መቀመጡ “አግኝቻለሁ” ማለት ነው። አክስቴ ይህን ውሻ እስከ ዛሬ በክፉ ታነሣዋለች። እኔ ግን ሙያውን አከብርለታለሁ።

ለአጥኚው አስቸጋሪ የሆነው ነጥብ ይህ ሁሉ ዕቃ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ዌይን ካርልሰን አይዳሆ ላይ ጤፍ ማብቀል ከጀመረ ቆይቷል። አዲስ አበባ የተጋገረ እንጀራም በአውሮፕላን ይመጣል። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ በአማርኛ መስተናገድ ይቻላል። በርበሬማ ከአክስቴ ቤት ማዶ ባለው ሱቅ ሦስት ዓይነት ተደርድሯል። አክስቴም ገዝታ ታውቃለች። ቀመሰችውና “በርበሬ ነው” አለች፤ ከዚህ የከፋ አስተያየት በጥናቱ አልተመዘገበም።

ስለዚህ ምርመራው ወደ ፍሪዘር ተሸጋገረ። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂው ወዳጄ ፍሪዘሩን ከፍቶ ከዶሮው ሥር በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ በርበሬ አወጣ። እናቱ ራሳቸው ቀንጥሰው፣ አድርቀው፣ አስፈጭተው የላኩለት የመጨረሻው ነው፤ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀለሙ ወደ ጡብ ሄዷል፣ ሽታውም የለም። ለወጥ እንደማይሆን ነገርኩት። “አውቃለሁ” አለና መልሶ ጠቅልሎ ከዶሮው ሥር አስገባው። ይህን ናሙና ከስሌቱ አውጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት። ሰው ከተማውን መልመዱ የሚታወቀው ሻንጣው ስንት እንደሚመዝን ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ነው። “ሃያ ሦስት” ካለ ገና ቦሌ ነው፤ ዜግነት ቢወስድም፣ ቤት ቢገዛም፣ ልጆቹ አማርኛ እየሰሙ በእንግሊዝኛ ቢመልሱለትም ቦሌ ነው። “ሃምሳ” ካለ ደርሷል። ለውጡ በየትኛው ቀን እንደሚሆን የነገረኝ የለም። አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሃምሳ ትላለች፤ ቦሌ ላይ ግን ኪሎው አልፎ ሻንጣዋን መሬት ላይ ዘርግታ ሽሮና ነጠላ ስታማርጥ ሰው ሁሉ እየሰማ በኪሎ ትከራከራለች። እሷን በየትኛው ረድፍ እንደምመዘግብ አልወሰንኩም።

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሷት መጣች። ዳለስ ሄጄ ተቀበልኳት። ውጭው በረዶ ነበር፤ ካፖርት ይዤላት ሄጃለሁ፣ አሁን አልለብስም አለች። ሻንጣዋን ወደ መኪናው ሳነሣ ወገቤ ተንቋቋ።

“ምን ጭነሽበት ነው? ይሄ እኮ ከሃምሳ በላይ ነው!” አልኳት።

ክው አለች። “ኧረ ጋሼ፣ ምን ሃምሳ? ሃያ ሦስት ነው፤ ቦሌ ራሳቸው መዝነውታል።”

ተመራማሪ ራሱን በናሙናነት ማስገባት ስለማይፈቀድለት ይህ አልተመዘገበም። እናቷ የላከችልኝን በርበሬ ግን ተቀብያለሁ።