ያልተበጠሰ ቺንጊያ ይቀየራል?

የቤተሰባችን ቶዮታ ሃያስ ሚኒባስ በሊብሬው ላይ የተመዘገበችው በአባባ ስም ነው። በተግባር ግን በሠርግ ሰሞን የሙሽራው ወገን ናት፤ በለቅሶ የእድሩ። ክረምት ሲገባ ልጆቻቸውን ጭነው ወደ አያት ቤት የሚልኩባት የእህቶቼ ናት። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ስለት ያለበት ዘመድ ሁሉ «መኪናችን እንዴት ናት?» እያለ ይደውላል። ዘይት የምትቀይርበት ቀን ሲደርስ ብቻ «መኪናህ» ትባላለች።

ይህን ሹመት ያገኘሁት መኪና አዋቂ ሆኜ አይደለም። ከልጆቹ ሁሉ ደረሰኝ የማልጥል እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። አባባ ቁልፉን ሲሰጡኝ «አንተ ወረቀት ትይዛለህ» አሉኝ፤ ሌላ ምርቃት አልነበረውም።

ዘመዶቼ መኪናዋን አይወዷትም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ይወዷታል፤ በተለይ ስትበላሽ። መንገድ ላይ ቀጥ ባለች ቁጥር ወንዶቹ ኮታቸውን አውልቀው ይከቧታል። አንዱ «ኩሽኔታ ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ ቴስቲና ነው» ይላል፤ ከኋላ ወንበር አንዷ አክስቴ «ያልገባ ስለት ያለው ሰው አለ» ብላ ሁላችንንም በየተራ ታየናለች።

ከዓመታት በፊት አሰበ ተፈሪን አልፈን የጨርጨርን ዳገት ስንያያዘው ራዲያተሯ ፈላ። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ በየበዓሉ ይተረካል። ማን ጀሪካን ይዞ ምንጭ ፍለጋ እንደወረደ፣ ማን ነጠላዋን ጠቅልላ ትኩሱን ክዳን ልትከፍት ስትል እንደተያዘች፣ የትኛው አጎት መንገድ መሀል ገብቶ የጭነት መኪና እንዳስቆመ በስም በስም ይነገራል። ጠጅ በተቀዳ ቁጥር ዳገቱ ይረዝማል። የነገሩ ሁሉ ጥፋተኛ ግን የራዲያተሩ ክዳን ነበር፤ ውስጡ ያለችው ጎማ ደርቃ ግፊት መያዝ አቅቷታል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ብቻ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍቶ ጎማዋን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን የክዳን ጎማ አይቶ ዘመድ ከመንገድ ማደር ያዳነ ሰው ስሙ በየትኛው በዓል ሲነሳ ሰምታችኋል? ከዚያ ወዲህ መኪናዋ የትም ሳትቆም ቁልቢ ደርሳ የተመለሰችባቸው ዓመታት አሉ። ማንም አያስታውሳቸውም። እኔ አስታውሳቸዋለሁ፤ ደረሰኛቸው አለኝ።

አሁን ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ የእማዬ ታናሽ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዘው አሰብ የተመላለሱ ሰው በመሆናቸው፣ በመኪና ጉዳይ የቤተሰቡ ሰበር ሰሚ ችሎት እሳቸው ናቸው። ይግባኝ የለም። ከባድ ቁልቁለት በፎሌ ይወርዱ እንደነበር ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል። መካኒካችን ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፤ ማርሽ ያልያዘ መኪና ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ስለሚቆይ በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየረ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል፣ ፔዳሉም እስከ ታች ይሰምጣል። ጋሼ ግን በሕይወት አሉ፤ ለክርክር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም።

የዘይቱ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። የሃያስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ጃፓኖቹ ይህን ሲያደርጉ ቦታ ለመቆጠብ አስበው ይሆናል፤ በእኛ አገር የፊት ወንበር የማን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ጠዋት ጉዞ ሊጀመር ሲል ዘይቷን ልይ ካልኩ መጀመሪያ አባባን፣ ቀጥሎ ጋሼን ከክብር ቦታቸው ማስነሳት አለብኝ። በሩ ተከፍቶ፣ ጋቢ ተሰብስቦ፣ ከዘራ ተቀብዬ፣ ወንበሩ ብድግ ብሎ፣ የዘይት መለኪያዋን እስክመዝ ድረስ መንገደኛው ሁሉ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ስንት የሃያስ ሞተር በጨዋነት ሞቷል ብዬ አስባለሁ።

መለኪያዋን ሳወጣት ጋሼ ይቀበሉኛል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል። «ገና ነው፤ ይሠራል» ይላሉ። ከተቀየረ ማግስት ደግሞ እንዲሁ አሽተው «ይሄ ልጅ አልቀየረውም፤ ጠቁሯል!» ብለው መካኒኩን በሌብነት ይከሱታል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ግን በተቀየረ በጥቂት ቀናት ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን ይዞ መዞር ሥራው ነው። መቼ እንደሚቀየር የሚነግረን ቀለሙ ሳይሆን ኪሎ ሜትሩ ነው፦ ለእኛዋ በየ5,000፣ ስድስት ሊትር ገደማ፣ ከነፊልትሮው። መካኒኩ ይህን ለማስረዳት ሞክሮ ነበር። ጋሼ በትዕግሥት አዳምጠውት «አሰብ ሄደህ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት።

ወደ ትልቁ ጠብ ልግባ። የመኪናችን ሞተር 5ኤል የሚባለው፣ ሦስት ሺህ ሲሲ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የታይሚንግ ቺንጊያው የጎማ ሲሆን 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ትበራለች። አንድ ቀን በራች። እኔ ለመካኒኩ ስደውል ጋሼ መብራቷን አስተውለው አይተው «ይህቺማ ዓይን ትወጋለች» አሉና የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ለጠፉባት። እንግዲህ መብራቷ ከመልአኩ በስተኋላ ስለበራች ሥዕሉ ዙሪያውን ብርሃን አገኘ። አክስቴ ስታየው አማተበች።

የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ። ገንዘብ ይዋጣ ብዬ ነበርና ነገሩ ከሯል።

«ቺንጊያው ተበጥሷል?» አሉ አባባ።

«አልተበጠሰም አባባ። ሳይበጠስ ነው የሚቀየረው።»

«ሳይበጠስ?» ጋሼ ቡናቸውን አስቀመጡ። «ያልሞተ ሰው ይቀበራል? ያልተበጠሰ ቺንጊያ ይቀየራል? እኔ በነዳሁበት ዘመን ሁሉ ይሄ ነገር ተቀይሮልኝ አያውቅም።»

መካኒኩ፣ ትንሽ የሚናገር ልጅ ነው፣ ቆቡን አውልቆ «ጋሼ፣ ኤንትሬ ይህ ቺንጊያ የለውም። የእርስዎ በብረት ጥርስ ነበር የሚዞረው፤ ይሄ በጎማ ነው። ይሄ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ከዚያ ወሬው ስለ ቺንጊያ አይሆንም፤ ስለ ቴስታታ ነው» አለ።

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። አሸነፍን ብዬ ነበር፤ ግን ዝምታቸው ለማሰብ ኖሯል። «እንግዲያው በዝግታ እንንዳት» አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ። መዋጮ የማይጠይቅ ሐሳብ ሁልጊዜም ይጨበጨብለታል።

ነገሩን የቆረጠችው እማዬ ናት። ስለ ቫልቭም ስለ ፒስተንም ግድ አልነበራትም። ወደ መኪናዋ ልትገባ ስትል ሥዕሉን አየችው፣ ከኋላው ያለውን መብራትም አየች፤ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ወደ ወንድሟ ዞራ «አንተ! መልአኩን የመብራት መሸፈኛ አደረግኸው?» አለች። «በል አሁኑኑ አንሳና ይህን ጉድ አስቀይር። ቁልቢ ምን ብለን ነው የምንገባው?» መዋጮው በዚያው ሳምንት ተሟላ፤ ትልቁን ድርሻ የከፈሉት ጋሼ ናቸው። አሮጌው ቺንጊያ ሲወጣ ጀርባው ተሰነጣጥቆ፣ ጥርሶቹ መፈርፈር ጀምረው ነበር። ጋሼ አገላብጠው አዩት። «ትንሽ ይሄድ ነበር» አሉ። ከዚያ ፍራሽ ለማሰር ይሆናል ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ዕቃ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ሲገባ ትንሽ ቀና ብሎ ነው፤ ሻጩ ግን ያው ሻጭ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከጋሼ ጋር ጎማ ልንገዛ ወጥተን ነበር። ሻጩ ጎማውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳየን፦ 2015።

«ይኸው፤ የ2015 ምርት። ገና ዓመት አልሞላውም።»

ጋሼ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጥሩ እንዲህ አይነበብም። ጎማ ላይ የሚታተሙት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው፤ ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2015 በ20ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ ግንቦት 2007 ነው። ስምንት ዓመት መጋዘን ለመጋዘን የዞረ ጎማ፣ ጥርሱ ምንም ሙሉ ቢሆን፣ ውስጡ ደርቋል። ይህን ለሻጩ በጨዋ ቋንቋ ነገርኩት። አልደነገጠም። «ታዲያ በስሏል ማለት ነዋ!» አለኝ። ጋሼ እንኳ ሳቁ። ሌላ ሱቅ ሄድን።

ቦሎን በሚመለከት ብዙ የምለው የለኝም፤ ባለ መኪና ሁሉ ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመርመር ይላል። ቤተሰባችን የተረዳው ግን መኪና በዓመት አንድ ቀን ደህና ትሁን የሚል ነው። ስለዚህ ምርመራው ሲቃረብ ምክር ይዘንባል፤ ጎማ ለአንድ ቀን ከጎረቤት ተዋስ፣ መርማሪ ዘመድ አለን አነጋግረው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ውሰዳት (ይህን የመከረችኝ አክስቴ ናት፤ ሐኪም ቤት መስሏት ይሁን አላውቅም)። እኔ የሚያሳስበኝ ጭሱ ነበር። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚህ ከፍታ ይቸገራል፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚያ ላይ የአየር ፊልትሮ ከተደፈነ ናፍጣው በወጉ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ፊልትሮውን ቀደም ብዬ ቀይሬያለሁ፣ ኖዝሉንም አስፈትሼያለሁ።

በምርመራው ቀን ጋሼ አብረውኝ ሄዱ። መኪናዋ የፍሬን መለኪያው ሮለር ላይ ወጥታ ጎማዎቿ በቆሙበት ሲዞሩ አይተው ተገረሙ፤ የግራና የቀኙን ፍሬን ጉልበት ለየብቻ የሚያሳየውን መርፌ ትክ ብለው ሲመለከቱ ቆዩ። ጭሱን አለፈች። ፍሬኑን አለፈች። መሪውን፣ ጎማውን፣ ሻንሲ ቁጥሩን አለፈች። የወደቀችው በኋላ ስቶፕ መብራት አምፖል ነው፤ የቀኙ አልበራም። ከመኪናዋ ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ መርማሪውን በቁጣ «ልጄ፣ ይህች መኪና ጨርጨርን የወጣች ናት!» አሉት። መርማሪው በትሕትና «ጋሼ፣ ስትወጣ አይደለም፤ ስትቆም ነው የሚበራው» አላቸው። ወጥተን አምፖል ገዛን፣ ተመልሰን ተሰለፍን፣ አለፈች። ቦሎው መስታወቱ ላይ ከሦስተኛ ወገን መድኑ ተለጣፊ አጠገብ ተለጠፈ።

ማታ ቤት ስንደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ተፈልቷል። ጋሼ ታሪኩን ጀመሩ። ስለ ፊልትሮው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ስለ ቺንጊያውም። አምፖሉ ግን ተተረከ፤ ከመርማሪው ጋር ያደረጉት ሙግት ተተረከ፤ ሰልፉ በአንድ ቀን ውስጥ ከስታዲየም ዙሪያ እስከ ሳሪስ ሊደርስ ትንሽ ቀረው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ መኪናው ደህና እንዲውል ከፈለገ መፍትሔው አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ ሁልጊዜ አንድ የተቃጠለ አምፖል ትቶ ሌላውን ሁሉ በጊዜው መቀየር።

ሌላም ጉዳይ አለኝ፤ ይህ ለዘመዶቼ ብቻ ነው፣ ሌላው አንባቢ ይለፈው። መኪናዋ ቦሎ በወሰደች በሳምንቱ፣ እናንተ የራሳችሁን መኪና ለማስመርመር ስትሉ «ለአንድ ቀን» ብላችሁ የወሰዳችኋቸው ዕቃዎች አሉ። ክሪኩን መልሱ። ሦስት ማዕዘኗን የአደጋ ምልክት መልሱ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑን ከነፋሻው መልሱ፤ ባዶ ሣጥን አልተበደራችሁም። ማን ምን እንደወሰደ ከደረሰኞቹ ጋር ጽፌ ይዣለሁ። እሳት ማጥፊያውን የወሰድከው ደግሞ ራስህን ታውቃለህ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ አትመልሰው፣ አዲስ ግዛልን።