በምላስ የሚለካ ውሃ

ውሃ መጣ ሲባል እልል የሚባልበት ጊዜ አልፏል። አሁን የሚያደክመን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ምን ይዞ መጣ? ከገበዝ ማርያም እስከ ፍኖተ ሰላም፣ አልፎም እስከ ቡሬ፣ ፈረቃ የሚጠብቅ ቤት ሁሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ጀሪካን ይደረድራል። የመጀመሪያው ጀሪካን የቡና አተላ የመሰለ ነው፤ ይደፋል፣ ወይ ለወለል ይቀመጣል። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ይጠራል። ሦስተኛው በረኪና በረኪና ይላል። አራተኛው ምንም አይልም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ምንም የማይለው ነው።

ላቦራቶሪያችን ምላስ ነው። እናት ትቀምስና "ዛሬስ መድኃኒቱን አብዝተውታል" ትላለች። ጎረቤት ይቀምስና "ኧረ ምንም የለውም" ይላል። ከአንድ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ እኮ ነው! ክርክሩ በማሸነፍ አያልቅም፤ አንዱ ሲጠማው ይጠጣል፣ ያልቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው ዋና ገንዳ ያስቆፈረ ሰው ግን የመመርመሪያ ሳጥን አለው። ትንሽ ውሃ ይቀዳና ዲፒዲ የሚሏትን ኪኒን ይጥልበታል። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ በጨመረ ቁጥርም ይደምቃል። (ክሎሪኑ ያለ ቅጥ ከበዛ ቀለሙን ራሱን ያነጣውና የሌለ ያስመስላል፤ ኪኒኗም አንዳንዴ ትዋሻለች።) ፒኤቹን ደግሞ ለብቻ ያያል። ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት፤ ከወረደ ሶዳ፣ ከወጣ አሲድ ይጨምርበታል። ክሎሪኑን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ላይ ይይዘዋል። ከዚያ ልጆቹ ገብተው ይንቦጫረቃሉ። ገላ የሚነከርበት ውሃ እንዲህ በቁጥር ሲያዝ፣ በጉሮሮ የሚወርደው በግምት ነው። ቅናት እንዳይመስላችሁ፤ ገንዳው ይቅርብኝ። ኪኒኗን ነው የተመኘኋት።

የፒኤቹም ነገር የሀብታም ቅንጦት አይደለም። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ጀርም የሚገድለው ክፍሉ ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባለው ነው። ፒኤቹ 7.5 ሲሆን ግማሽ ያህሉ በዚያ መልክ ይኖራል፤ ወደ 8 ሲጠጋ ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ አንድ ክዳን መድኃኒት በአንዱ ጉድጓድ ሥራውን ሲሠራ በሌላው ያንቀላፋል ማለት ነው። የክረምት ድፍርስ ሲሆን ደግሞ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ከጭቃው ጋር ሲታገል ያልቃል። የሚያናድደው፣ ሽታው እንኳ ቀና ምስክር አለመሆኑ ነው። አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ ብዙ ጊዜ ክሎሪኑ ከቆሻሻ ጋር ተጣምሮ አቅሙን ከጨረሰ በኋላ የሚመጣ ነው። እኛ "በዛ" ስንል አንሶ ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ቡና ላይ ተቀምጠን የጤና ኤክስቴንሽኗ ገባች።

"እትዬ፣ ውሃውን እያከሙ ነው የሚጠጡት?"

"አክማለሁ እንጂ ልጄ። ውሃ አጋር አለ።"

"በስንት ክዳን?"

"ክዳኑንማ ሕፃኑ ሲጫወት ጣለው። በቆርኪ ነው።"

"ቆርኪው ስንት ይይዛል?"

"እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ!"

ሳቅን። ግን እትዬ ምን ያጥፉ? የውሃ አጋር ክሎሪን መለኪያው የጠርሙሱ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ከጠፋ ልኩም ጠፋ። አኳታብ የሚሉት የውሃ ማከሚያ ሲገኝም እንዲሁ ነው፤ 67 ሚሊግራሟ ኪኒን የተሠራችው ለ20 ሊትር ነው፣ የቤታችን የዘይት ጀሪካን 25 ይይዛል። አንዷን ብትጥል ይሳሳል፣ ሁለት ብትጥል ልጆቹ አፋቸውን ያዞራሉ። ከጣልክ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ ጠብቅ ይባላል። ከማሳ የገባን ሰው፣ ፀሐይ ያነደደውን፣ "ቆይ ሠላሳ ደቂቃ" በሉት እስኪ።

ጠላ ጠማቂዎቹ ጋ ስትሄዱ ሌላ ጣጣ አለ። ጋኗን በግራዋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና ያዘጋጀች ሴት በረኪና የሚሸት ውሃ አትጨምርበትም፤ ጥንስሱን ይገድልብኛል ትላለች፣ ደግሞም አላጠፋችም። ወይ ምንጭ ትወርዳለች፣ ወይ ውሃውን አፉን ከፍታ ታሳድረዋለች። ሲያድር ሽታው ይሄዳል፤ ለጠላው ሸጋ ነው። ጠዋት ልጁ ከዚያው በጣሳ ጠልቆ ሲጠጣ ግን ያ ውሃ ጠባቂውን ሸኝቶ ያደረ ነው።

ሻይ የሚያጠቁር ጉድጓድም አለ። ብረት ያለበት ውሃ ነው፤ ክሎሪን ሲነካው ወደ ዝገት መልክ ይዞራል። ያኔ "መድኃኒቱ ውሃችንን አበላሸው" ተብሎ ጠርሙሱ ወደ ልብስ ማጠቢያው ጥግ ይሰደዳል፤ ከዚያ የሚመልሰው የለም።

ገጠሩ ከዚህ የባሰ ነው ብዬ እንዳላማ፣ የሠለጠነበትም ነገር አለ። ፊንላንዶች በአማራ ክልል የገጠር ውሃ ሥራ መደገፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ከ2011 ወዲህም ኮዋሽ በሚባለው ፕሮግራም ቀጠለ። ገንዘቡን ራሱ ማኅበረሰቡ እንዲያስተዳድር ተደረገ፣ የውሃ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በየጎጡ አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ተተከለ። መዋጮ ይሰበሰባል፣ ሲበላሽ ይጠገናል። ነገር ግን የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ውሃው አይወጣማ። ክሎሪኑ ሲያልቅ ማንም አያውቅም፤ ውሃው ይወጣል፣ ያውም ኩልል ብሎ።

ነገሩ የጣዕም ምርጫ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተነጫነጭኩ። በእኛው አቆጣጠር በ2015 ክረምት ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ገብቶ ነበር። እግሩን ለመፈወስ የሄደ ሰው በሆዱ ተያዘ። ጠበልተኛ ደግሞ ወደየአገሩ ይበተናል፤ እኛም ጋ የሚመለስ አለ።

የቆጣሪ አንባቢ በየወሩ በር ያንኳኳል። ስንት ሜትር ኩብ እንደፈጀን አንብቦ፣ መዝግቦ ይሄዳል፤ አንድም አይስትም። እስቲ በዚያው እግሩ ያችን የዲፒዲ ኪኒን ይዞ ይምጣ። በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ከቧንቧው አፍ መገኘት አለበት፤ ብዙ አልጠየቅንም። ያገኘውን ቁጥር ሒሳብ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ በእስክሪብቶም ቢሆን ይጻፍልን። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብሎ ይጻፍ። ዜሮ መሆኑን ካወቅን፣ ከሰሉ ቢወደድም፣ አፍልተን እንጠጣዋለን።