በእንተ ውላጤ ሞተር፥ በኡም ራኩባ እንደ ታየ

በሌሎች አገሮች ስለ ስፖርት መኪና የጻፉ ሊቃውንት፥ ይህ ስም የሚገባት መኪና ሦስት ምልክቶች እንደሚያስፈልጓት ይናገራሉ፤ ይኸውም መቀመጫዋ ሁለት ብቻ እንዲሆን፥ ኃይሏም በኋላ እግሮቿ እንዲወጣ፥ ጣሪያዋም ተከፍቶ ሰማይ እንዲታይባት ነው። እኛም በዚህ ቀኖና መዝነን፥ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት ከዶካ ገበያ ወደ ኡም ራኩባ የምትመላለሰውን፥ ሕዝቡ ‹ቦክሲ› የሚላትን አሮጌ የቶዮታ ሃይላክስ፥ ከሦስቱ አንድም ሳይጎድልባት የስፖርት መኪና ሆና አግኝተናታል። መቀመጫዋ ሁለት ነው፥ አራት ሰው ቢቀመጥበትም፤ ኃይሏ በኋላ እግሮቿ ነው፥ የፊቶቹ አቅጣጫ ከማሳየት ሌላ ግብር የላቸውምና፤ ጣሪያዋም ክፍት ነው፥ ከጋቢናው በስተኋላ ተደግፈው የሚቆሙት ሃያ ተሳፋሪዎች ስለ ሰማዩ ሁኔታ ሊመሰክሩ ይችላሉና። ስለ ፍጥነት ግን ሊቃውንቱ በአንድ ቁጥር ስላልተስማሙ፥ እኛም ክርክር አንገጥምም።

ኡም ራኩባ በዓለም የታወቀችው በመኪና ምክንያት እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ብዙ ሰዎች፥ በመካከላቸውም ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ የጀመሩ ቤተ እስራኤላውያን፥ በዚህ ሰፈር ቆይተው ከፊሎቹ በዚያው አርፈዋል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይ ጦርነት ያፈናቀላቸው መጥተው ሰፈሩባት። ያ ታሪክ የሚጻፍበት ብዕር ሌላ ነው፥ በዚህ ሐተታም አይነካም። ነገር ግን ሰው በስደት ቢሆንም ጨው፥ ሽንኩርትና ሳሙና ስለሚያሻው፥ እነዚህም በዶካና በገዳሪፍ ስለሚሸመቱ፥ መንገዱም ክረምት በገባ ጊዜ ጎማ የሚውጥ ጥቁር ዋልካ ስለሚሆን፥ የአንዲት ቦክሲ ሞተር ነገር የባለቤቷ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የጉባኤ ጉዳይ ሆኗል።

የነገሩ መቅድም ጭስ ነው። ጭሱ ነጭ ሲሆን ውሃ ወደ ማቃጠያው ገብቷል ይባላል፤ ጥቁር ሲሆን ናፍጣው በዝቶ በቅጡ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ሰማያዊ ሲሆን ደግሞ ዘይት እየነደደ ነው። ስለ እርሷ የምንጽፍላት መኪና ግን ሦስቱንም ቀለም በአንድ ጠዋት ስላሳየች፥ ኮፈኗ ተከፍቶ፥ የዘይቱ መክደኛ ተነሥቶ፥ ዘይቱ ሻይ በወተት መስሎ ተገኘ፤ ይህም ቴስታታው እንደ ተሰነጠቀ ወይም ጓርኒሲዮኑ እንደ ተቃጠለ የሚያስረዳ፥ በመካኒኮች ዘንድ ይግባኝ የሌለው ምልክት ነው። መካኒኩም፥ እንደ ሱዳን ልማድ በሥራ ሰዓት ‹ኡስታ›፥ በሒሳብ ሰዓት ‹ባሽ ሙሃንዲስ› እየተባለ የሚጠራው፥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ‹ሞተሩ ይቀየር› ሲል ፈረደ። ቃሉ አጭር ነበረ፤ ስለዚህም ትርጓሜው ረዘመ።

ጉባኤው የተሰየመው በሲት ሻይ፥ ማለት በሻይ አፍይዋ ዳስ ነው። የጉባኤው አባል ለመሆን መኪና አለመኖር በሕግ ባይደነገግም፥ በልማድ ግን እንደዚያው ነው፤ የሌላውን ሰው ሞተር በቅን ልቡና ለመምረጥ ከንብረት ነፃ መሆን ይረዳልና። ባለ መኪናው በጉባኤው የተገኘው የሻዩን ዋጋ ለመክፈል ብቻ ነበረ።

የመጀመሪያው ወገን የወጣቶች ነው። እነርሱ አንቴናቸው ወደ ሰማይ የተቀሰረ ነጫጭ የርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘሮች ሲገቡና ሲወጡ እያዩ ስላደጉ፥ 1ኤችዜድ ከተባለው ሞተር በታች አይወርዱም። ሞተሩ 4,164 ሲ.ሲ. ሆኖ ስድስት ሲሊንደሮቹን በአንድ ረድፍ ያሰለፈ፥ ትዕግሥተኛና ክብር የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ርዝመቱ ከሃይላክሷ የሞተር ቤት ስለሚያልፍ፥ አንድም ራዲያተሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ከመኪናዋ አስቀድሞ ገበያ እንዲደርስ ማድረግ፥ አንድም የጋቢናውን ግድግዳ ቆርጦ ሞተሩን ከሾፌሩ ጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወጣቶቹ ሁለተኛውን መረጡ፥ የሚቆረጠው የእነርሱ አይደለምና።

ሁለተኛው ወገን ሰሊጥና ማሽላ ሲዘሩ የኖሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር መታረስ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ በ1944 እ.ኤ.አ. ገደማ፥ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረ ሠራዊታቸው እህል በፈለጉ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህም የማሲ ፈርጉሰን ትራክተርና በውስጡ ያለው የፐርኪንስ ሞተር በዚያ አገር ከብዙ ባለሥልጣናት የበለጠ እምነት ተጥሎባቸው ኖሯል። ‹ፐርኪንስ አይሞትም› ይላሉ ሽማግሌዎቹ፥ እውነትም ነው፤ ነገር ግን የትራክተር ሞተር በደቂቃ ከ2,000 ዙር ብዙ እንዳያልፍ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፥ በቦክሲ ቢገጠም ገበያው ከተበተነ በኋላ ያደርሳል። ሽማግሌዎቹ ይህንንም አልካዱም፤ ‹ዋጋ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው› ሲሉ መለሱ እንጂ።

የባለ ወፍጮውን አስተያየት በአጭሩ እናልፈዋለን። እርሱ ያቀረበው ሊስተር የተባለውን፥ ከ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በእንግሊዝ ተሠርቶ በኋላ በሕንድ አገር በራጅኮት የተቀዳውን፥ በደቂቃ 650 ዙር የሚዞር ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ከ300 ኪሎ በላይ መዝኖ 6 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ወፍጮው አብሮ ቢጫን ተሳፋሪው እህሉን በመንገድ አስፈጭቶ ዱቄት ይዞ ይገባል ሲል ያስረዳውን ግን፥ ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ለተሳፋሪው ያሰበ እርሱ ብቻ ስለሆነ፥ ሳናመሰግነው አናልፍም።

አራተኛው ወገን አንድ ሰው ነው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት ኻርቱምን ለቆ የመጣ፥ ዘመናዊ ሊቅ። የእርሱ ምርጫ 2ኬዲ የተባለው፥ 2,494 ሲ.ሲ. ያለው፥ ናፍጣውን በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚረጭ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ምን እንደሚያመው ራሱ ይናገራል ተብሎ ሲመሰከርለት ጉባኤው በአድናቆት ዝም አለ፤ የሚናገርበት መሣሪያ የት እንዳለ ቢጠየቅ ግን ኻርቱም ቀርቷል። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ሞተር ውሃና አቧራ የገባበት ናፍጣ ኖዝሉን ወዲያው ስለሚያበላሽበት፥ በበርሜል ተመላልሶ በሻሽ ተጠልሎ በሚሸጥ ናፍጣ ይኖራል ብሎ ማመን ትልቅ ሃይማኖት ይጠይቃል።

ጉባኤው በዚህ ሳይስማማ ስለ ቀረ፥ ነገሩ ወደ ሻጮች ሄደ። በሱዳን ከተሞች የመካኒኮችና የአሮጌ ብረት ሰፈር ‹ሲናዒያ› ይባላል፤ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው በገዳሪፍ ሲናዒያ ባዕድነት አይሰማውም። ሻጩ ለሞተሩ ሁሉ ያለው ንባብ አንድ ነው፤ ‹ከዱባይ የመጣ ነው፥ አልተነካም› ይላል። ይህ ንባብ ያለ አንድምታ አይገባም። ‹ከዱባይ የመጣ ነው›፥ ከዱባይ መጣ፤ አንድም፥ ከጃፓን ተነሥቶ በዱባይ አለፈ፤ አንድም፥ የሻጩ ወንድም በዱባይ ይኖራል፤ አንድም፥ በካሳላ መንገድ ከተገለበጠ ሃይስ ትናንት ወጥቶ፥ ዱባይን በዝና ብቻ ያውቃታል። ‹አልተነካም›፥ መፍቻ አልገባበትም፤ አንድም፥ የነካው ሰው መልሶ ሊገጥመው አልቻለም፤ አንድም፥ በብርማ ቀለም ስለ ተቀባ የተነካበት ቦታ አይታይም። ይህን የመጨረሻውን የሚያጸኑ መምህራን ይበዛሉ፥ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን፤ ቀለም ከተቀባ ሞተር ይልቅ ዘይት የሚያንጠባጥብ ይሻላል፥ የሚያፈስበት ቦታ ይታወቃልና፥ ደግሞም ዘይት እንዳለው ራሱ ይመሰክራልና።

ኡስታው በዚህ ሁሉ ክርክር አንድ ቃል ሳይጨምር ሻዩን ሲጠጣ ከቆየ በኋላ፥ የትውልድ ሐረግ መቁጠር ጀመረ። የመኪናዋ የጥንት ሞተር ኤል የተባለው፥ 2,188 ሲ.ሲ. ያለው ነው፤ ከእርሱ 2ኤል በ2,446፥ ከዚያ 3ኤል በ2,779፥ ከዚያም 5ኤል በ2,986 ሲ.ሲ. ተወለዱ። እነዚህ የአንድ ቤት ልጆች ስለ ሆኑ፥ የካምቢዮው ማሠሪያ ቀዳዳዎች ይገጥማሉ፤ አሮጌው ካምቢዮና ፍሪሲዮኑ ሳይለወጡ ያገለግላሉ፤ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አያውቁም፤ ባትሪው ቢደክም በግፊ ይነሣሉ፥ የሚገፋም ሕዝብ አይጠፋም። ነውራቸው አንድ ነው፤ ጥርሳም የላስቲክ ቺንጊያቸው በ100,000 ኪሎሜትር ካልተለወጠ ተበጥሶ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር ያጋጫል፤ ስለዚህ ከማን እንደ ተገዛ የማይታወቅ ሞተር ወደ መኪናዋ ከመውረዱ አስቀድሞ አዲስ ቺንጊያ ሊገባለት ይገባል።

ከወንድማማቾቹ የትኛው ይመረጥ ቢባል፥ በኃይል ቢመዘን 5ኤል ይበልጣል። ኡስታው ግን 3ኤልን መረጠ፥ ምክንያቱንም በጣቱ አሳየ፤ ከዳሱ ፊት ለፊት ሁለት፥ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ፥ በዶካ መግቢያ ደግሞ ብዙ ሙታን 3ኤሎች ተጋድመው ነበር፤ አንዱ ፖምፓ፥ አንዱ ሞተሪኖ፥ አንዱ ቴስታታ ለማበደር ዝግጁ ሆነው። የሞተር መልካምነት በሕያዋኑ ፍጥነት ሳይሆን በአቅራቢያ በተጋደሙት ብዛት ይለካል የሚለው ትምህርት፥ በታላላቅ የመኪና መጻሕፍት ያልተጻፈ ቢሆንም፥ እኛ ከሰማናቸው ሁሉ እውነተኛ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሞተሩ ተገዝቶ ከአስፋልቱ ዳር እስከ ሰፈሩ የመጣው በካሮ ነው። 90 የሚያህል የፈረስ ጉልበት ያለውን አንዲት አህያ ጎተተችው፤ በዚህ ነገር ጉባኤው አስተያየት አልሰጠም። ስለ ሕጉ ግን ጥቂት ውይይት ተደርጓል፤ መኪናዋ በመተማ በኩል የተሻገረች ስለ ሆነች ሊብሬዋ የኢትዮጵያ ነው፥ በእርሱም የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈዋልና፥ አንደኛው ሲሄድ ሁለተኛው የማን ምስክር ሊሆን ነው ተብሎ ተጠየቀ። አንድ የቆየ ሾፌር፥ በኬላ የቆመ ፈታሽ ኮፈን ከፍቶ የሚያየው ከቁጥሩ በላይ ያለውን ግራሶ ብቻ እንደ ሆነ በማስረዳት ነገሩን ዘጋው።

የቀረው ችግር አንድ ነው። ሞተሩ በሦስት ግንድና በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወርድ፥ ከሃይስ የወጣ በመሆኑ፥ ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓው ለሃይስ የተቀረጸ ሆኖ ከመኪናዋ መስቀለኛ ብረት ጋር ተጋጨ። መድኀኒቱ ቀላል ነበረ፥ የአሮጌውን ሞተር ኮፓ ፈትቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ነው፤ ያ ኮፓ ግን ጉባኤው በክርክር ላይ ሳለ ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ሆኖ፥ የጉባኤው ሻይ ሲፈላበት ሰንብቷል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለተሠራች ባለ ናፍጣ ሃይላክስ የሚሆን ኮፓ ተርፎህ እንደ ሆነ፥ ዋልካው ሳይረጥብ ወደ ዶካ ላክልን፤ ከሃይስ የወጣ ከሆነ ግን አትድከም።