ቻርጀሩ እኔው

ሶኬት የማያውቅ፣ ጉልበቱን ከፀሐይ የሚያገኝ የእጅ ሰዓት አስሬ እየሞከርኩ ነው። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ያያል፣ እንቅልፌን ይሰልላል። ሻይ ቤት ገብቼ «ቻርጅ የሚባል ነገር አይፈልግም» ብዬ ጉራዬን ስነዛ፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ «የኤሌክትሪክ ምጣዴም አይፈልግም፤ መብራት ከሄደ ጀምሮ ይኸው ቁጭ ብሏል» አሉኝ።

ከእትዬ ጋር አፍ መካፈት አያዋጣም። ወደ ዕቃው እንሂድ።

«ቻርጅ አይፈልግም» የሚል ወሬ ሁሉ ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ አያጣም። ጋርሚን የተባለ ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢንስቲንክት 2 ሶላር ሰዓት፣ ጂፒኤስ ካልከፈቱበት ባትሪው ማለቂያ የለውም ተባለ። ደቃቁ ጽሑፍ ግን «በየቀኑ 3 ሰዓት፣ ደጅ፣ በ50,000 ሉክስ ብርሃን» ይላል። ቢሮ ውስጥ አምፖል ሁሉ በርቶ 500 ሉክስ ገደማ ቢገኝ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ፀሐይ በየቀኑ የሚጠጣ ማነው? ትራፊክ ፖሊስ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪ። ሰዓቱን የሚገዛው ደግሞ መጋረጃ ዘግቶ ስብሰባ የሚውለው ሰውዬ። ገዢው ፀሐይ የለው፣ ባለ ፀሐዩ አይገዛ።

እኔም ለሰዓቱ ስል ግንብ ተደግፌ ፀሐይ መሞቅ ጀመርኩ። አጠገቤ ያሉ ጡረተኛ አዩኝና «ሥራ ፈታህ እንዴ?» አሉ።

«የለም አባባ፣ ሰዓት ቻርጅ እያደረግሁ ነው።»

«እኔ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እዚሁ ነኝ፤ እስካሁን ሞልቷል ያለኝ የለም።»

«ሐምሌ ሲገባ ነው እንጂ የሚቸግረው…»

«የቱሪዝሙ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የ13 ወር ፀሐይ ያሉት ቱሪስት እንዲመጣ ብለው ነው። ሰዓትህ ቱሪስት ነው?»

ፀሐይ ያልጣመው የገላ ሙቀት አለለት። ማትሪክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ፓወርዋች ብሎ የሠራው ሰዓት የክንድን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ብልሃቱ ያለው ግን ሙቀቱ ላይ ሳይሆን ልዩነቱ ላይ ነው፤ ክንድ ሞቆ አየሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ጉልበት ይወጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ሊፈነጥዝ ይችላል። ሰመራ በእኩለ ቀን ግን አየሩም ክንዱም እኩል ነደው ምን ልዩነት ይገኛል? እትዬ ይህን ሰምተው «ብልጥ ነው፤ ሰመራ ላይ ሰውም በዚያ ሰዓት አይሠራም» አሉ። ሳንቲም በሚያካክል ባትሪ ዓመት የሚሄዱም አሉ፤ የእነሱ ግን ቻርጅ አለመፈለግ ሳይሆን ዕዳን ለከርሞ ማስተላለፍ ነው።

ደግሞ ሰዓት እግር የለውም፤ የሚቆጥረው የክንድ ውዝዋዜ ነው። እትዬ አስረውት ቡና ወቀጡ። ሙቀጫው ዱም ዱም ባለ ቁጥር እርምጃው ይንደረደራል፤ እሳቸው ከበርጩማቸው አልተነሱም።

«የት ደረስኩ?»

«በዚህ አያያዝ ሜክሲኮን አልፈዋል።»

«ለካ ታክሲ የምከፍለው በከንቱ ነው!»

ጋሪ የሚገፋው ልጅ ግን እጁ እጀታው ላይ ስለሚውል፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ እንደ ተቀማጭ ሊቆጠር ይችላል። እንግዲህ ፍርዱን እዩ።

10,000 እርምጃ የሚባለውም ሐኪም ያዘዘው እንዳይመስላችሁ። አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። በማግሥቱ ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ «የ10,000 እርምጃ መቁጠሪያ» የሚል ስም የሰጠውን መሣሪያ ገበያ አወጣ። አበበ ሮጠ፣ ጃፓን ቆጠረ፣ እኛ ገዛን። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አረጋውያን ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ከ7,500 እርምጃ ገደማ በኋላ ዕድሜ ላይ የሚጨመር ጥቅም እንዳላየ ዘገበ። እትዬ ወዲያው «በል ትርፏን 2,500 መልስልኝ፤ ለገበያ ትሆነኛለች» አሉ።

ፀሐይ መሞቁ ሲሰለቸኝ አንዱን ሎተሪ አዟሪ ጠራሁትና እስከ ማታ እንዲያስርልኝ ለመንኩት።

«ስንት ይከፍሉኛል ጋሼ? ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉት እንኳ ያስከፍላሉ።»

«ፀሐይ በነፃ አይደለም እንዴ?»

«ፀሐዩ በነፃ ነው፤ አናቱ የኔ ነው።»

ተስማማን። ሊሄድ ሲል ግን «እርምጃው የሚመዘገበው በኔ ስም ነው» አልኩት፣ ነገር እንዳይመጣ ብዬ።

«ይመዝገብ ጋሼ፤ ጫማው ሲያልቅም በስምዎ ነው የምገዛው።»