እግር ይረፍ ተብሎ በተሠራ መንገድ

የዘንድሮ ወጣት የሚቀጣው ሰው ቢያጣ ነው መሰለኝ፣ ራሱን በገዛ ገንዘቡ መቅጣት ጀምሯል። የወንድሜ የልጅ ልጅ ከነጓደኞቹ ብስክሌት ጭኖ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ መጣና «አባባ፣ ነገ ዘቢዳርን ተሻግረን ወልቂጤ እንገባለን» ይለኛል። ለቅሶ አለ እንዴ? አልኩት። የለም። ሠርግ? የለም። የመሬት ክስ? «ኧረ ዝም ብለን ነው» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዝም ብሎ ተራራ የሚወጣ ከፍየል በቀር አላውቅም።

እኛ ቡታጅራዎች ወልቂጤ የምንሄደው ጉዳይ ሲኖረን ነበር። ዞናችን አንድ ሳለ መቀመጫው እዚያ ስለነበረ ለአንዲት ማኅተም ስንቅ ተይዞ ይወጣ ነበር። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ምሥራቅ ጉራጌም ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ቡታጅራ መቀመጫው ሆነች። ተመስገን፣ ከእንግዲህ ተራራውን በሩቁ እናየዋለን ብዬ ነበር። ቢሮው ደጃችን ድረስ ከመጣ በኋላ እነዚህ ልጆች አንዲት ወረቀት እንኳ ሳይዙ ሊሻገሩት ተነሱ!

ሒሳባቸው ደግሞ ለብቻው ያስቃል። አንዷ ስልኳን አውጥታ «አባባ፣ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ወልቂጤ 1,900 ግድም፤ ስለዚህ ጠቅላላው ጉዞ ቁልቁለት ነው» ብላ አስረዳችኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት። «መሀል ላይ ከ3,600 ሜትር በላይ የቆመውን ዘቢዳርንስ የት አደረግሽው ልጄ?» ብላት፣ ጫፉን አንነካም፣ በትከሻው ነው የምናልፈው አለች። ትከሻውም ቢሆን ከእኛ ራስ በላይ መሆኑን ስልኳ አልነገራትም።

እኔ መንገድ ያውቃሉ ተብዬ፣ ከኋላ በምትከተለው ሚኒባስ ጋቢና ተቀመጥኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሳለን ብለው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ጎማ መንፋት፣ ከዚያ እንደገና ፎቶ። ስለ ልብሳቸው ብዙ አልናገርም፤ ሽማግሌ ነኝ። ቁምጣው ገላ ላይ የተቀባ ነው የሚመስለው፣ መቀመጫው ላይ ደግሞ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። ለቁርስ ቆጮ በአይብ ቢቀርብላቸው «ሆድ ይከብዳል» አሉና፣ ከትንሽ ላስቲክ ውስጥ የሚዝለገለግ ነገር እየመጠጡ ወጡ።

ዳገቱ ሲጀምር ወሬው ቆመ። ማርሹን እስከ መጨረሻ አቅለውት እግራቸው ይሽከረከራል፤ ብስክሌቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ ስለ ሞተሩ ያማርራል፣ እኔ ስለ ጉልበቴ፤ ቀኑን ሙሉ የተግባባነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ጀርባዋ ላይ የማገዶ ሸክም ያዘለች ሴት ከኋላ መጥታ «እንዴት ዋላችሁ» ብላ አለፈችን። ቀድማን ከሄደች በኋላ ዞር ብላ አየቻቸውና «ተበላሽቶባቸው ነው?» አለችኝ። የለም እህቴ፣ ሲነዳ እንዲህ ነው አልኳት። እሷስ ምን ትበል? ከንፈሯን መጥጣ ሄደች።

የሰፈሩ ሕፃናት ደግሞ የራስ ቁሩንና ጥቁር መነጽሩን አይተው «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ተከተሉ። መርካቶ ተወልዶ መርካቶ ያደገውን ልጅ! ተናድዶ በጉራጌኛ ሊመልስላቸው ሞከረ፤ ትንፋሹ መሀል ላይ ቆረጠበት፣ ጉራጌኛውም ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር።

ከእንሰቱ በላይ ገብሱ፣ ከገብሱም በላይ ጉሙ መጣ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የአንዱ ካቴና ተበጠሰ፤ ሌላው ጃኬቴን ልፈልግ ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ገባና በዚያው ቀረ። እየተንቀጠቀጠ ይሰብከኝ ጀመር። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ በብስክሌት ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ጥሩ። ጽጋቡ ግን ደሞዝ እየተከፈለው ነው፤ አንተ ለሚኒባስ እየከፈልክ ነው አልኩት። ፈረንጆቹም ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በአገራችን አልፈው ይሄዳሉ፣ የአባይን በረሃ ከደጀን ወርደው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት እየጋለቡ ጎሐ ጽዮን ይወጣሉ አለኝ። ይውጡ! እነሱ አገራቸው ሁሉ ነገር ደልቶአቸው መከራ ፍለጋ ነው የሚመጡት። እኛ ከመቼ ወዲህ ነው መከራ ከውጭ የምናስመጣው?

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የእኔ አባት አዲስ አበባ እየሠራ፣ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ቀናት በእግሩ ይሄድ ነበር። በ1950ዎቹ ጉራጌ የመንገድ ሥራ ማኅበር ሲያቋቁም እሱም አዋጣ። ባለሱቁም የቀን ሠራተኛውም አዋጣ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አዋጣ፤ ወደ አገራችን መንገድ ይውጣ ተብሎ። ሐሳቡ አንድ ነበር፦ ልጆቻችን ቁጭ ብለው ይሂዱ፣ እግራቸው ይረፍ። አሁን የልጅ ልጅ ልጁ ኮርቻ ላይ ቁጭ ብሏል፣ አልዋሽም። እግሩን ግን ተመልከቱልኝ!

ቁልቁለቱን በዝርዝር አልናገረውም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወረድኩት። እነሱ በደስታ ይጮኻሉ፣ የፍሬኑ ሽታ ጋቢናችን ድረስ ይመጣል፣ እኔ የማውቃቸውን ጻድቃን ሁሉ እጠራለሁ። አገና ስንደርስ ጭቃው ማን ማን እንደሆነ አያስለይም ነበር። ጉብሬ ላይ መሸ። ወልቂጤ በስልክ መብራት ገባን፤ ሁሉም ይነክሳል፣ ሁሉም ይስቃል። ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቅኩ፤ መልሱ እንደገና ሳቅ ነው።

ቢያንስ ራቱ ያስታርቀናል ብዬ ክትፎ ቤት አስገባኋቸው። ቀጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቅቤው ይሸታል፣ ጎመኑ፣ አይቡ፣ ሚጥሚጣው ቀርቧል። የወንድሜ የልጅ ልጅ አስተናጋጇን ጠራና «ካርቦሃይድሬት ያስፈልገኛል፣ ፓስታ አላችሁ?» አላት። ቆጮው ፊቱ ተቀምጦ! ቆጮ ከምን የተሠራ መስሎታል፣ ከብረት? ልጅቷ ደነገጠች። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐኪም ከልክሏቸው ነው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ምን ላድርግ፣ ዘመዶቻችን ወልቂጤም አሉ።