ላሟ በሰማይ፣ መግቢያው በብር

አያቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ የተሳለቁት ሥልጠናውን ስላልወሰዱ ነው፤ ይቅር እንበላቸው። ላሟን ከነወተቷ የሚያሳየው ጥበብ ሐዋሳ ገብቷል፤ ስሙም «ቪዥዋላይዜሽን» ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት አዳራሾች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ትኬት መቁረጥና ዓይንን መጨፈን ይበቃል። አሠልጣኙ በማይክራፎን ቪላውን ያስጎበኛል፣ የመኪናውን ቆዳ ወንበር ያስዳስሳል። «አያችሁ?» ይላል። «አየን!» ይባላል። በአዳራሹ ውስጥ ቪላውን ዓይኑን ገልጦ የማየት ተስፋ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ትኬቱን የሸጠው።

ይህ ጥበብ ከሽፎ አያውቅም። ያለምከው ከተሳካ ስላለምከው ነው። ካልተሳካ አጥርተህ አላለምክም፣ ወይም ሆድህ ውስጥ ጥርጣሬ ተደብቋል። ለጥርጣሬው «ደረጃ ሁለት» የሚባል ሥልጠና ተዘጋጅቷል፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ወደድ ይላል።

የሚያሳዝነው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ጥበቡ እንዲህ አለመስፋፋቱ ነው። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠሮች የመጡት ወጣት ሴቶች ዓይናቸውን ገልጠው ስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ፤ ስህተታቸው እዚህ ላይ ይጀምራል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ። ምስኪን ተመራማሪዎች! አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚያድሩ ልጆች የጎደላቸው ገንዘብ መስሏቸው። የጎደላቸው «ማይንድሴት» ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ አስወጣች፤ የፓርኩ አውራ የነበረው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም ፋብሪካውን ዘግቶ ሄደ። ሥራ ያጡት ልጆች ከቀረጥ ነፃ ገበያውን በምናባቸው አጥርተው አልሳሉትም ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ባይደን ሲወስኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለመሆኑ ግን የተባለ ነገር የለም።

የሚጠራጠር ከተገኘ ሻምፒዮኖች ይጠሩለታል። ማይክል ፌልፕስ በምናቡ ይዋኝ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው። በ2000 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ዋና ፍጻሜ መነጽሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ማየት ተስኖት ሳለ፣ የክንዱን ምት እየቆጠረ ወርቁን ወስዷል። በምናቡ ሲመላለስበት የኖረው ግን ሜዳሊያው ብቻ አልነበረም፤ የሚበላሸው ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግም ጭምር ነበር። ያም ቢሆን ለዓመታት ገንዳ ውስጥ ከኖረ በኋላ። ይቺ ዝርዝር አዳራሹ በር ላይ ትቀራለች። ኃይሌ ገብረሥላሴም አለ፤ ሪዞርቱ እዚያው ሐይቁ ዳር ቆሟል፣ ለማስረጃነት ከዚህ የተመቸ አይገኝም። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ 25 ዙር ሮጦ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው። ያቺን ሽርፍራፊ ሰከንድ እንጦጦ ላይ ስንት ጠዋት እንደገዛት የሚጠይቅ ሰው «ኔጌቲቭ ኢነርጂ» ይዞ ነው የመጣው።

አንድ ሌላ ደስታ አደፍራሽ ጥናት አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች ፈተና የደረሰባቸውን ተማሪዎች ከፋፈሉ። ገሚሶቹ ጥሩ ውጤት ሲያገኙ፣ ገሚሶቹ ሲያጠኑ ራሳቸውን በምናባቸው እንዲያዩ ተደረገ። ውጤቱን ሲያዩ የሰነበቱት ከሌሎቹ ያነሰ አጠኑ፤ ያነሰም አገኙ። የሚገባ ነው፤ በምናቡ የተመረቀ ሰው ምን ቸግሮት ደብተር ይገልጣል? ጥናቱ ግን ለአዳራሽ ኪራይ አይበጅም። እስቲ አሠልጣኙ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ይበርዳል፤ የኬሚስትሪው መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ ተከፍቷል፤ አልገባችሁም፤ እንደገና ታነቡታላችሁ» ይበልና የሚያጨበጭብለትን እንይ።

ለዚህ ጥበብ የተፈጠረ ተማሪ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አለ የሚሉ ይኖራሉ፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አንገቱን ሰብቆ፣ እንደ ባሕታዊ ዝም ይላል። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ዓይኑን አልጨፈነም፤ ዓሣ የሚበልተው ልጅ ቢላዋ ላይ ተክሎታል። አንጀቱ ሲወረወር ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ሰርተፍኬት አይሰጠውም።